ከሰዓት በኋላ የሚደክመው ኔትወርክ

ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ መስመር ሲጠግን የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ፣ ከእንግዲህ ዓለም ያለ እሱ እንዴት እንደምትግባባ ያሳስበዋል። የዚህ ቤት አባወራ እንዲያ ያለ ሰው ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉት ነበር። ምሰሶ ላይ ወጥቶ የመሞከሪያ ስልኩን ጆሮው ላይ ከለጠፈ፣ ብልሽቱ ከየትኛው ምሰሶ እስከ የትኛው ምሰሶ እንዳለ በድምፁ ብቻ ይለያል ይባልለታል። እሱ ግን «ይባላል» የምትለዋን ቃል አይወዳትም። «ይለያል በሉ» ይላል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እጁ በዘረጋው ገመድ ላይ ብልሽት ማግኘት አቅቶት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲንቆራጠጥ የከረመው።

ቤቱ ትልቅ አይደለም። ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሚስቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሠራለች፤ የሰፈሩ ሰው ሱሪ የሚያጥረውም የሚረዝመውም በእሷ እጅ ነው። ከመኪናዋ አጠገብ፣ እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ዝቅ ያለ መደርደሪያ ላይ ራውተሩ ተቀምጧል። ከራውተሩ ጎን የልጃቸው ጥቁር የፋይል ማከማቻ ሳጥን አለ። ልጅቷ ቪዲዮ አቀናባሪ ናት። ክፍሏ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀርቅራ የሰው ሠርግና የፋብሪካ ማስታወቂያ ስትቆርጥና ስትቀጥል ትውላለች። ከሰዓት በኋላ የቀኑን ሥራ ጠቅልላ ከክፍሏ ኮምፒውተር ወደ ሳሎኑ ሳጥን ትልካለች።

ከክፍሏ እስከ ራውተሩ ያለውን ገመድ የዘረጋላት አባቷ ነው። ከመደርደሪያው ቁልቁል ወርዶ፣ በሶፋው ጀርባ አልፎ፣ የኮሪደሩን ግድግዳ ሥር ሥሩን ይዞ ይሄዳል። በየስንዝሩ በሚስማር ተይዟል፤ አንድም ቦታ አይላላም፣ አንድም ቦታ አይጎብጥም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጆሮ «ኮሪደሩን አሳየኋችሁ?» ይላል። ኮሪደር ምኑ ይታያል? እንግዳው ግን ጨዋ ከሆነ አይቶ ያደንቃል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት ኔትወርኩ ይበርራል። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ፋይል መላክ ስትጀምር ግን፣ ጥቂት ደቂቃ ደህና ይቆይና ድንገት ቤቱ ሁሉ ቀጥ ይላል። ጆሮ በስልኩ ከጡረተኛ ጓደኛው ጋር የሚጫወተው ዳማ፣ ልክ ሁለት ጠጠር ሊበላ ሲል ይደርቃል። ልጅቷ ከደንበኛ ጋር በቪዲዮ እያወራች ከሆነ የደንበኛው አፍ እንደተከፈተ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት የማይፈጀው መላኪያ «ሦስት ሰዓት ይቀረዋል» ብሎ ይለጥፋል። በዚህ ሁሉ መሃል ምንም የማይመስላት ሚስቱ ብቻ ናት፤ መኪናዋን እየረገጠች መስፋቷን ትቀጥላለች።

«ሞተ!» ትላለች ልጅቷ፣ በሯን በርግዳ እየወጣች። «አሁንስ በዛ! ፋይሉ እኮ ከቤት እንኳ አይወጣም። ከጓዳ ወደ ሳሎን መምጣት ነው ያቃተው!»

«ነይ በቃ፣ ምሳሽን ብዪ» ትላለች እናት። «እስክትበዪ ይሻለዋል።»

ደግሞም ይሻለዋል! ልጅቷ ሾርባዋን ጠጥታ፣ ከእናቷ ጋር የሰው ስም አንስታ ስቃ፣ ወደ ክፍሏ ስትመለስ ኔትወርኩ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነስቶ ሲሮጥ ታገኘዋለች። «ይሄ ኔትወርክ ምሳ ሰዓት ያከብራል» እያለች መቀለድ ጀምራ ነበር።

ቀልዱ ያበቃው ሰኞ ዕለት ነው። ስንት ወር የለፋችበት ደንበኛ፣ ሥራውን ሊሰጣት አንድ ቃል ሲቀረው መስመሩ ቀጥ አለበት። መልሳ ስትደውል ሰውየው ሌላ አቀናባሪ አግኝቶ ነበር። የዚያን ዕለት አልጮኸችም። አባቷን ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ በዝግታ ነገረችው።

«አባዬ፣ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ያለበት ሕንፃ ላይ ባዶ ክፍል አለ። መስመሩ የራሱ ነው። ማደሪያም አለው።»

«ማደሪያ ምን ያደርጋል?»

«ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው እኮ። መመላለሱ አያዋጣም። ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደውሎ መልስ ይጠይቀኛል። እስከዚያ ብልሽቱን ካገኘኸው ጥሩ፣ ካላገኘኸው እሄዳለሁ። ለእማዬ ግን እስኪወሰን አትንገራት፣ እሺ?»

«እሺ» አለ። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቿ ከሄዱ ቆዩ፤ እሑድ እሑድ ይደውላሉ፣ «ሰላም ናችሁ? ሰላም ነን» ተባብለው ይዘጋሉ። ይህችም ከሄደች በቤቱ ውስጥ የሚሰማው የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ሊሆን ነው። ጆሮ ጸጥታ አይወድም፤ በሙያውም ቢሆን ጸጥ ያለ መስመር ማለት የሞተ መስመር ማለት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ጡረታ ሲወጣ ያስቀመጠውን የዕቃ ሳጥን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣ። ጉጠቷን፣ መብራቷን፣ መፍቻዋን አንድ በአንድ ጠረገ። ለጆሮ የሥራ ዕቃ ሁሉ ሴት ነው። «የት ሄደች?» ካለ መፍቻው ጠፍቶበታል፤ «ተበሳጨች» ካለ ራውተሩ ቀይ አብርቷል። የቤቱ ሰው ለምዶታል።

መጀመሪያ የገመዱን ሁለት ጫፎች ቆርጦ አዲስ ራስ ገጠመላቸው። ጠብ አላለም። ቀጥሎ ለኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅቱ ደወለ። አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ አነሳች።

«አጥፍተው ያብሩት፣ አባቴ።»

«ልጄ፣ እኔ አጥፍቶ ማብራት የጀመርኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው።»

«እሺ አባቴ። አሁን ደግሞ አንዴ አጥፍተው ያብሩት።»

ጆሮ ጥርሱን ነክሶ አጠፋ፣ አበራ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ቀጥ አለ።

ረቡዕ ጠዋት ራሱ ሙከራ አደረገ። ልጅቷን የትናንቱን ፋይል እንዳለ መልሳ እንድትልከው ለመናትና እሱ ሰዓት ይዞ ተቀመጠ። ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ! ያውም እሱ ዳማውን እየተጫወተ፣ ሳይደርቅበት፣ በክብር ተሸንፎ። «ገመዷ ጤነኛ ናት፤ ራውተሯ ጤነኛ ናት» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያቺው ልጅ፣ በዚያው ገመድ፣ ያንኑ የሚያህል ፋይል ስትልክ ሞተ። «ጠዋት ጤነኛ፣ ከሰዓት በሽተኛ» ብሎ ከሥሩ ጨመረና እርሳሱን ወረወረው። ቆሽቱ አሯል።

ያን ጊዜ ነው ልጅቷ አንድ ነገር ያለችው። «አባዬ፣ እስቲ ና እየው፤ ኮምፒውተሩ ገመድ የለም ይለኛል። በዋይፋይ ነው እየላከ ያለው።»

ጆሮ እየተጣደፈ ሄዶ አየ። እውነት ነው። በክፍሏ በኩል ያለውን ጫፍ ነካካ፤ ተሰክቷል። ወደ ሳሎኑ ተመልሶ የራውተሩን ጫፍ አየ፤ እሱም ተሰክቷል። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ክር ትበጥሳለች። ተመልሶ ኮምፒውተሩን ሲያይ ገመዱ አለ ይላል!

እዚህ ላይ ግን የድሮው ሰው ነቃ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ ነገሩ ፍንትው አለለት። ገመዱ ሲኖር ፋይሉ የራሱ መንገድ አለው፤ ማንንም አይነካም። ገመዱ ሲጠፋ ግን ኮምፒውተሩ ሰው ሳያማክር ወደ ዋይፋይ ይዞራል። ዋይፋይ ደግሞ የቤቱ ስልኮች ሁሉ የሚካፈሉት አንድ ጠባብ መንገድ ነው፤ ያን የሚያህል ፋይል ሲገባበት ሌላው ሁሉ ከኋላው ተሰልፎ ይቀራል። ዳማውም፣ ደንበኛውም። ስለዚህ ጥያቄው «ለምን ዘገየ?» አይደለም። ጥያቄው ገመዱ ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚጠፋው የት ነው የሚል ነው። በኮሪደሩ በኩል እንዳይባል፣ ገመዱ ሁሉ በዓይን ይታያል። የማይታየው ከሶፋው ጀርባ ያለው ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሚስቱ የተጠገነ ሱሪ ለጎረቤት ልታደርስ ብቅ ስትል፣ ጆሮ መብራቱን ይዞ በሶፋውና በግድግዳው መሃል በደረቱ ገባ። ቦታው ለእሱ አልተሠራም። ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ አንድ እጁ ከሥሩ ቀርቶ፣ አፍንጫው አቧራ ነክቶ ተጋደመ። ካለበት ሆኖ ገመዱንም፣ የመደርደሪያውን ታችኛውን ክፍልም፣ የራውተሩን መብራቶችም አሻቅቦ ያያል። «ዛሬ ታመልጪኝ እንደሆነ አያለሁ» አላት፣ ገመዷን።

ሚስቱ ተመለሰች። ባሏ ወጥቶ የሄደ መስሏት ሳይሆን አይቀርም፣ ለራሷ እያንጎራጎረች መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ትር ትር ትር። በኮሪደሩ መጨረሻ የልጅቷ በር እንደተዘጋ ነው። ጥቂት ቆይቶ የራውተሩ አረንጓዴ መብራት መንቀልቀል ጀመረ፤ ፋይሉ መጓዝ ጀምሯል። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ገመዱ ንቅንቅ አላለም።

መኪናው ዝም አለ።

ከላይ አንድ እጅ መጣ። መሃል ጣቱ ላይ የመርፌ መግፊያ ብረት አለ። እጁ በመደርደሪያው ጠርዝ ሄደ፣ ገመዱን አገኘ፣ ትንሿን መቆለፊያ በሁለት ጣቱ ጫን አደረገና፣ ጠቅ! ነቀለው።

«እጅ ከፍንጅ!» ብሎ ጆሮ ተነሳ። ማለት ሊነሳ ሲል ጭንቅላቱን ከመደርደሪያው ጋር አጋጨ።

«ወይኔ እናቴ!» ሚስቱ ከነወንበሯ ወደ ኋላ ልትሄድ ትንሽ ቀራት። «አንተ ሰው! ምን ትሠራለህ እዚያ ውስጥ?»

«አንቺ ምን ትሠሪያለሽ? ምንድነው እጅሽ ላይ ያለው?»

ገመዱን አየችው፣ እሱን አየችው። ልትክደው እንደማትችል ሲገባት ፊቷ ቀላ።

«ደከማታ» አለች በመጨረሻ። «ትንሽ ላሳርፋት ብዬ ነው።»

ጆሮ ሳቁ መጣ። ጭንቅላቱን እያሸ፣ አቧራውን እያራገፈ፣ ከሶፋው ጀርባ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሳቀ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያጣው ብልሽት ይሄ ነው! ሚስቱ ለራውተር አዝና! እንዲህ ያለ ሳቅ ከሳቀ ስንት ጊዜው።

«አንቺ ሴትዮ፣ እሷ እኮ አትደክምም! ብልጭ ድርግም የምትለው ሥራ ላይ ስለሆነች ነው። እንኳን ግማሽ ሰዓት፣ ዓመት ሙሉ ብትሠራ ምንም አይነካትም። ማረፍም አያስፈልጋት፣ መብላትም አያስፈልጋት። ብረት ናት!»

ሚስቱ ዓይኗን አፍጥጣ አየችው።

«ብረት? ልጅህን ነው ብረት የምትላት?»

«ልጄን?»

«ታዲያ ስለ ማን ነው የምታወራው?»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ካለበት ሳይንቀሳቀስ ሶፋው ላይ በክርኑ ተደገፈ።

«አንድ ቀን አቧራ ስጠርግ ወለቀብኝ» አለች፣ ገመዱን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች። «መልሼ ልሰካው ስል በሯ ተከፈተ። ወጣች። በላች፣ አወራችኝ፣ ሳቀች። በማግስቱ አልወጣችም። በሳልስቱም። ከጠዋት ጀምራ እዚያ ክፍል ውስጥ ናት፣ ምሳዋ ይቀዘቅዛል። ድሮ ሻይ ይዤ እገባ ነበር፤ አንድ ቀን ‹እማዬ በናትሽ፣ እየሠራሁ ነው› አለችኝ። አላስቀየመችኝም፣ እውነቷን ነው፣ እየሠራች ነው። ግን ከዚያ ወዲህ አንኳኩቼ አላውቅም። ስነቅለው ግን ትወጣለች። እሷ ስትበላ ቀስ ብዬ እመልሰዋለሁ። ማንን ጎዳሁ?»

ጆሮ ልጅቷ አደራ ያለችው ትዝ አለው፤ አሁን ግን ዝም ማለቱ የበለጠ በደል መሰለው።

«ልጅቷ ልትሄድ ነው» አላት። «በዚህ በኔትወርኩ ምክንያት። ማደሪያ ያለው ክፍል አግኝታለች፣ ከከተማው ማዶ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መልስ ልትሰጥ ነው። አትንገራት ብላኝ ነው ያልነገርኩሽ።»

«በዚህ?» አለች፣ ገመዱን ወደ እሱ እያሳየች። «በዚች?»

ቶሎ ብላ ልትመልሰው ዞረች። በአንድ ሙከራ ክር ከመርፌ የምታስገባ ሴት፣ የጣት ጫፍ የሚያህለውን ቀዳዳ ማግኘት አቃታት። ወደዚያ ስትለው ወደዚህ፣ ወደዚህ ስትለው ወደዚያ። ባሏ ሊረዳት ከሶፋው ጀርባ ለመውጣት ቢታገልም ወገቡ አልለቀቀውም።

በኮሪደሩ በኩል በሩ ተበረገደ።

«ሞተ!» አለች ልጅቷ ስልኳን ይዛ እየመጣች። «በቃ፣ አለቀ። አባዬ፣ የት ነህ? ሰዓቱ ደረሰ እኮ። አገኘኸው?»

አባቷን ሶፋና ግድግዳ መሃል ተወትፎ፣ እናቷን ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ አገኘቻቸው። ጆሮ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የጥገና ቅጽ ላይ «የብልሽቱ ምክንያት» በሚለው ቦታ አንድም ቀን ውሸት ጽፎ አያውቅም። አሁን ሊዋሽ አፉን ከፈተ።

«ገመዷ... እዚህ ጋ ላልታ...»

«እኔ ነኝ» አለች እናት፣ ሳትዞር። «እኔ ነኝ የምነቅለው።»

ልጅቷ ለአፍታ ምንም አልገባትም። ከዚያ ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሁለት ሳምንት? እማዬ! ሰኞስ? ሰኞም አንቺ ነሽ?»

«ሰኞም።»

«ያ ደንበኛ እኮ... እማዬ፣ ወሮች ነው የለፋሁበት! እብድ ልሆን ነበር እኮ! አባዬ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲላተም ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

«ከሰው ጋር እያወራሽ እንደሆነ አላወቅኩም። እኔ ፋይሉ የሚዘገይ ነው የመሰለኝ። ፋይል ቢዘገይ ምን ይሆናል ብዬ።»

«ለምን ግን? ምን አድርጌሽ ነው?»

እናት ዞረች። ገመዱ አሁንም እጇ ላይ ነው።

«ምንም አላደረግሽኝም» አለች። «ስትወጪ ታወሪኛለሽ። ለሱ ነው።»

ልጅቷ ዞራ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለውን የክፍሏን በር አየችው።

የልጅቷ ስልክ ጮኸ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። አየችው፣ ወዲያው አላነሳችውም። ወደ እናቷ ሄዳ ገመዱን ከእጇ ወሰደች፤ ቀስ ብላ ነው የወሰደችው። መደርደሪያው ፊት ተንበረከከች፣ ስልኩን አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠች፣ ድምፁን ከፍ አደረገችና፣ በሁለት እጇ ቀዳዳውን መፈለግ ጀመረች።

«ሄሎ! እህስ?» አለ ከወዲያ የሥራ ጓደኛዋ፣ ደስ ያለው ድምፅ ነው። «ቆረጥሽ? ክፍሉን ልያዝልሽ?»

«ተወው» አለች። «አልመጣም።»

«ውይ! ምነው? ኔትወርኩ ተሠራ እንዴ?»

ገመዱ ጠቅ ብሎ ገባ። አረንጓዴው መብራት መንቀልቀል ጀመረ።

«ተሠራ።»

«ምን ሆኖ ነው ግን እንደዚያ ያስቸገራችሁ? አባትሽ አገኘው?»

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እናቷ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ፣ ጥፋተኛ ልጅ መስላ ቆማለች።

«እናቴ ናፍቄያት ነው» አለች።

«እንዴት? ከእናትሽ ጋር አይደል እንዴ የምትኖሪው?»

«አዎ፣ አንድ ቤት ነን» አለች ልጅቷ። ስልኩን ዘጋችው፤ ወደ ክፍሏ ግን አልተመለሰችም፣ እዚያው ወለሉ ላይ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።